የጭነት ሹሙ አንዲት ውሸት

እዚህ የተሰበሰባችሁ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የድሮ ባልደረቦች ሁሉ፣ አስቀድሞ አንድ ነገር ሊነገራችሁ ይገባል። ሚዛኑ እያላችሁ ስትጠሯቸው የኖራችሁት የእኚህ ሰው ዜና ሕይወት ሲነበብ ይህ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው የተነበበው በጦርነቱ ዘመን፣ እርሳቸው ገና በሕይወት ሳሉ ነበር። ያነበቡት ታላቅ ወንድማቸው ናቸው፤ እነሆ ከፊት ወንበር ላይ፣ አገጫቸውን ከዘራቸው ላይ አስደግፈው ተቀምጠዋል። ሚዛኑ ያንን ንባብ ቆመው በገዛ ጆሯቸው ሰምተውታል። ወደውታልም፤ ከአንዲት ዓረፍተ ነገር በቀር። ያቺ ዓረፍተ ነገር ግን ጫማ ውስጥ እንደገባች ጠጠር ዕድሜ ልካቸውን ስትቆረቁራቸው ኖረች። ከመሞታቸው በፊት ታናሽ ልጃቸውን ጠርተው፣ «ሁለተኛ ስሞት ትታረምልኝ። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት። ደግሞ አታስረዝመው» ብለው አደራ ሰጡት። ልጃቸው ሥራው ብየዳ ነው፤ እንደ አጎቱ ቃል ማሳመር አይችልም። አደራውን ግን እነሆ ይፈጽማል።

ሚዛኑ የተወለዱት ከእህል መጋዘን በስተጀርባ በምትገኝ፣ ግድግዳዋ የዱቄት ብናኝ በጠጣ አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። አባታቸው የመጋዘኑ መዛኝ፣ እናታቸው ጆንያ ሰፊ ነበሩ። ከእናታቸው ጭን ቀጥሎ የለመዱት መቀመጫ የአባታቸው የብረት ሚዛን ነበር። አባታቸው በየሳምንቱ መጨረሻ መጋዘኑ ሲዘጋ ልጃቸውን ሚዛኑ ላይ ያስቀምጡና ክብደቱን ከበሩ ጀርባ በጠመኔ ይጽፉ ነበር። ጎረቤቱ፣ «የሰው ልጅ በቁመት ያድጋል፤ የእናንተው በኪሎ ነው እንዴ የሚያድገው?» እያለ ይስቅባቸው ነበር። ልጁም ገና አፉን በወጉ ሳይፈታ ድመት፣ ዶሮና የጎረቤት ልጅ እያነሣ «ይህ ይከብዳል፣ ይህ ይቀላል» ማለት ጀመረ።

ትምህርት ቤት ሲገቡ በሒሳብ ጎበዝ ሆኑ፤ የእጅ ጽሕፈታቸው ግን ዶሮ የጫረው ይመስል ነበር። ስማቸው የገነነው ግን በሌላ ነው። አንድ ቀን ወፍራሙ የሒሳብ መምህራቸው የክብደት መለኪያ ሲያስተምሩ ለቀልድ ያህል፣ «እኔስ ስንት የምሆን ይመስላችኋል?» ብለው ጠየቁ። ትንሹ ሚዛኑ ከኋላ ወንበር ተነሥተው፣ «ዘጠና አራት፤ ጫማዎን ሳይጨምር» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ሚዛኑም አባታቸውን ይዘው እንዲመጡ ታዘዙ። አባታቸው በማግስቱ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው መጡ፤ ክሱንም እስከ መጨረሻው በትሕትና አዳመጡ። ከዚያ መምህሩን ከእግር እስከ ራስ አየት አደረጓቸውና፣ «ልጁ በእርግጥ አጥፍቷል፣ ጌታዬ። ዘጠና ስድስት ነዎት። ይቀጣል» አሉ።

ሚዛኑ ጎልማሳ ሲሆኑ በጦር አየር ማረፊያ በጭነት አውራጅነት ተቀጠሩ፤ ብዙም ሳይቆዩ ሠልጥነው የጭነት ሹም ሆኑ። የጭነት ሹም ማለት በጭነት አውሮፕላን ሆድ ውስጥ የሚውል ሰው ነው። አብራሪው ከፊት ተቀምጦ ሰማዩን ያያል። የጭነት ሹሙ የሚያየው ሣጥን፣ ገመድ፣ መረብና የሰው ፊት ነው። ምን የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው፣ እንዳይንሸራተት በመረብ የሚያስረው፣ በመጨረሻም የጭነቱን ድምር በማይክራፎን ለአብራሪው የሚናገረው እርሱ ነው። አብራሪው ያንን ቁጥር ቆጥሮ አያጣራም። ያምናል። የሁሉም ነፍስ በዚያች እምነት ላይ ትነሣለች። ሚዛኑ ይህን ያውቁ ስለነበር፣ በሌላው ነገር ሁሉ ቀልደኛ ሆነው ሳለ፣ ድምር ሲናገሩ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። አብረዋቸው ይበሩ የነበሩት ሻምበል፣ ዛሬ ከታላቅ ወንድማቸው አጠገብ ምርኩዛቸውን ይዘው የተቀመጡት፣ «ሚዛኑ ድምር ሲነግረኝ ዳኛ ፍርድ የሚያነብ ነበር የሚመስለኝ» ይላሉ።

ባለቤታቸውን ያገኙት እዚያው አውሮፕላን ውስጥ ነው። ባለቤታቸው በአየር ማረፊያው የስፌት ክፍል የጭነት መረብ የሚጠግኑ ወጣት ሠራተኛ ነበሩ። አንድ ቀን ወደ ሌላ ጣቢያ ለሥራ ሲላኩ የመርፌ ሣጥናቸውን አንጠልጥለው በኋላ በር ገቡ። ሚዛኑም እንደ ሥራቸው ደንብ፣ «እህቴ፣ ክብደትሽ ስንት ነው?» አሉ።

«አምሳ።»

ሚዛኑ አዩዋቸው። ከዚያ በማይክራፎኑ፣ «አንዲት ሴት፤ አምሳ አምስት» አሉ።

«አምሳ አልኩ እኮ!»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ አምስቱን ከየት አመጣኸው?»

«ከየት እንደመጣማ አንቺ ታውቂያለሽ።»

ባለቤታቸውም በዚያ ጉዞ ሁሉ ፊታቸውን ወደ አውሮፕላኑ ግድግዳ አዙረው ተቀመጡ። ከተመለሱ በኋላ ግን ከስፌት ክፍሉ የሚመጣው የሌላው አውሮፕላን መረብ ሁሉ እንደ ቅቤ ሲፈታ የሚዛኑ አውሮፕላን መረብ ብቻ ቋጠሮው አልፈታ አለ። ሚዛኑ መረቡን ትከሻቸው ላይ ጥለው ወደ ስፌት ክፍሉ ሄዱ። «ይህን ማን ነው የቋጠረው?» «እኔ ነኝ። ጠበቀብህ?» «በጣም።» «አምስት ኪሎ ጉልበት ጨምርበት።» ሚዛኑ መረቡን እዚያው ወለሉ ላይ አስቀምጠው እስኪበቃቸው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ በስፌት ክፍሉ በኩል የሚያስኬድ ጉዳይ በየቀኑ ያገኙ ጀመር።

በሠርጋቸው ዕለት እንዲናገሩ ሲጋበዙ ሚዛኑ ተነሥተው እንዲህ አሉ፤ «በዚህች ሴት ጉዳይ እስከ ዛሬ ተሳስቼ ነበር። አምሳ ናት። ከእንግዲህ በቤቴ የሚሠራው ሚዛን የእርሷ ነው።» ቃላቸውንም ጠበቁ። የመጀመሪያ ልጃቸው ስትረገዝ እንኳ ሆዳቸው የገፋውን ባለቤታቸውን «አምሳ ናት» እያሉ ነበር። ልጆቹም ሲያድጉ «በእማዬ ሚዛን» የሚለው የቤቱ ቃል ሆነ። ትርጉሙም አምስቱ ተትቶልሃል ማለት ነው። አርፍዶ የገባ ልጅ «በእማዬ ሚዛን አላረፈድኩም» ይላል፤ ወጥ ጨው ሲበዛበት «በእማዬ ሚዛን ደኅና ነው» ይባላል።

ጦርነቱ ሲመጣ አየር ማረፊያው ሦስት የጭነት አውሮፕላኖች ነበሩት። ሆዳቸው ሰፊ፣ አካሄዳቸው ዝግ ያለ፣ ድምፃቸው ከሩቅ የሚሰማ ነበር። ሠራተኞቹ እንደ ቤት እንስሳ ስም አውጥተውላቸዋል፤ አንዷን ጉማሬዋ፣ ሁለተኛዋን አሮጊቷ፣ ሚዛኑና ሻምበሉ የሚበሩባትን ደግሞ ደርባባዋ ይሏታል። ከጦር ግንባሩ አጠገብ መንገዷ ሁሉ የተዘጋባት አንዲት የተከበበች ከተማ ነበረች፤ ምግብም መድኃኒትም የሚገባላት በሰማይ ብቻ ነው። ሦስቱ አውሮፕላኖች ዱቄትና መድኃኒት ይዘው ይሄዳሉ፤ ቁስለኛና ቤተሰብ ይዘው ይመለሳሉ።

መጀመሪያ የጠፋችው ጉማሬዋ ናት። ለማረፍ ዝቅ ስትል ከኮረብታው ተመታች፤ ከውስጧ የተረፈ የለም። የሚዛኑ ሚዜ የነበረው የሬዲዮ ሠራተኛ አብሯት ሄደ። ፉጨት ነበር የሚሉት፤ ሬዲዮ ሲከፍት ከሰላምታ በፊት ስለሚያፏጭ። በሠራተኞቹ ክፍል የእያንዳንዱ ሰው ኩባያ ግድግዳው ላይ በምስማር ይሰቀል ነበር፤ የፉጨትን ኩባያ ለመንካት ሁሉም ፈራ። ሚዛኑ ግን አወረዱትና፣ «ኩባያው አቧራ ሲጠጣ ቢያይ ይሰድበናል» አሉ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ተራ የደረሰው ሰው በፉጨት ኩባያ ይጠጣል፤ ጠጥቶ ሲጨርስም ማፏጨት ግዴታው ነው። ሻምበሉ ጨርሶ ማፏጨት የማያውቁ ሰው ናቸው። ተራቸው ሲደርስ ጉንጫቸውን ነፍተው ነፋስ ብቻ ሲያስወጡ የሚያየው ሁሉ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። በዚያ ወቅት ወደ አውሮፕላን የወጡ ብዙዎች ያንን ሳቅ ይዘው ነው የወጡት።

ቀጥሎ አሮጊቷ ሄደች። በተከበበችው ከተማ ዱቄት እያራገፈች ሳለ መድፍ አገኛትና ማኮብኮቢያው ዳር ተቃጠለች። ሠራተኞቿ ዘልለው አመለጡ። በማግስቱ በደርባባዋ ሊመለሱ ሲሳፈሩ ከፀጉር እስከ ጫማ ዱቄት ለብሰው ስለነበር ሚዛኑ፣ «እናንተን ልመዝን ወይስ ላቡካችሁ?» አሏቸው። እንግዲህ የቀረችው ደርባባዋ ብቻ ናት። ባለቤታቸው በዚያን ጊዜ ከሥራ ፋታ ሲያገኙ ወደ አጥሩ ሄደው ሽቦውን ይዘው ይቆሙ ነበር፤ የደርባባዋን ድምፅ ከሩቅ ሲሰሙ ወደ መርፌያቸው ይመለሳሉ።

አሁን አደራው ወዳለበት ደረስን።

የደርባባዋ የመጨረሻ ጉዞ ሰዎችን ከከተማዋ ለማውጣት ነበር። የመድፉ ድምፅ ቀርቧል፤ ሌላ አውሮፕላን እንደማይመጣ ሁሉም ያውቃል። ሻምበሉ ከዚያ አጭር ማኮብኮቢያ ይዘው ሊነሡ የሚችሉትን የክብደት ልክ አስቀድመው ለሚዛኑ ነግረዋቸዋል። ሞተሩ ሳይጠፋ የኋላ በሩ ተከፈተ፤ ሕዝቡ በመስመር ገባ። መስመሩን የምታስከብረው አንዲት ወጣት ነርስ ነበረች። «ግፊያ የለም። እናቶች በዚህ በኩል። አንተ ጎረምሳ፣ እናት መሆንህን አላውቅም ነበር» እያለች ታሳልፋለች። ሚዛኑ እየመዘኑ፣ እየደመሩ፣ እያስቀመጡ ሰማንያ ያህል ሰው አስገቡ። ልኩ ሞላ። እጃቸውን አነሡ።

መስመሩ ግን አላለቀም። ሕፃናት የያዙ አራት እናቶች፣ እግሩ በጨርቅ የታሰረ አንድ ሽማግሌና ነርሷ በሩ ሥር ቀርተዋል።

«ቦታ የለም?» አለች ነርሷ።

«ቦታማ አለ። የሌለው ኪሎ ነው።»

ነርሷ ዞር ብላ እናቶቹን አየች። ቀረብ ብላም፣ «እኔን አትቁጠረኝ። ለእነርሱ ብቻ አንድ ነገር ፈልግ» አለቻቸው።

ሚዛኑ በዚያች ደቂቃ ያሰቡት፣ ኋላ ሲናገሩ እንደሰማነው፣ ስለ ጀግንነት አይደለም። ስለ ሚስታቸው ነው። ወደ ውስጥ ዞረው ጉልበቱን አቅፎ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ አዩ። ከእያንዳንዱ አምስት አምስት ኪሎ ቢተዉለት በሩ ሥር የቆሙት ሁሉ ይገባሉ። «ግቡ» አሉ፤ «አንቺም ግቢ።» በሩ ተዘጋ። ሻምበሉ በጆሮ ማዳመጫው፣ «ሚዛኑ፣ ድምሩን ንገረኝ» አሉ። ሚዛኑም በዚያው የዳኛ ድምፃቸው፣ ሰዉን ሁሉ በባለቤታቸው ሚዛን መዝነው ያገኙትን ድምር ተናገሩ። «ልክ ነን፣ ሻምበል» ሲሉም ጨመሩበት።

ደርባባዋ ማኮብኮብ ጀመረች። እንደ ሌላ ጊዜ ቶሎ አልቀለለችም። የተቃጠለችውን አሮጊቷን አለፈች፣ የተቆፈረውን መሬት አለፈች፣ ማኮብኮቢያው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ገና መሬት ላይ ነበረች። አጥሩ ጋ ስትደርስ ብድግ አለች፤ ጎማዋ የአጥሩን ሽቦ ነቅሎ ይዞት ሄደ። ሕፃናቱ አጨበጨቡ። ከከተማዋ ሳትርቅ ግን ከኮረብታው ተተኮሰባትና አንደኛው ሞተሯ ተመታ። ሻምበሉ ከፍታ እያጡም ቢሆን ኮረብታውን ዞሩት፤ ውኃው በደረቀ ሰፊ ሐይቅ ላይም አውሮፕላኗን በሆዷ አስተኟት። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም አልሞተም። የሻምበሉ ዳሌ ተሰበረ። ደርባባዋ ከዚያ አልተነሣችም፤ ሦስቱም አውሮፕላኖች በዚህ አለቁ።

ሬዲዮው ተሰብሮ ስለነበር የት እንደወደቁ ያወቀ የለም። አየር ማረፊያውም ደርባባዋ ከእነተሳፋሪዎቿ ጠፋች ብሎ ለየቤተሰቡ አረዳ። ለቅሶ ተቀመጡ። ታላቅ ወንድማቸው ያንን የመጀመሪያውን ዜና ሕይወት ጻፉ። በሐይቁ ማዶ ያሉ መንደርተኞች ግን ሰዎቹን ደብቀው ቀስ በቀስ እያሻገሯቸው ነበር። ሚዛኑ ሽንኩርት በጫነ መኪና ላይ ተሳፍረው፣ ጢማቸው አድጎ፣ የሰው ካፖርት ለብሰው ሰፈራቸው ሲደርሱ በገዛ ደጃቸው ድንኳን ተተክሏል። የሞተው ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ ከኋላ ገብተው ቆሙ። ታላቅ ወንድማቸው በማንበብ ላይ ነበሩ፤ «በሥራ ዘመናቸው ሁሉ አንዲት ኪሎ አዛብተው የማያውቁ፣ ቃላቸውም እንደ ሚዛናቸው የታመነ...»

ሚዛኑ ያቺን ዓረፍተ ነገር ሲሰሙ ማልቀስ ጀመሩ። አጠገባቸው የተቀመጡ አንዲት እናት አዝነውላቸው ቦታ ለቀቁላቸው።

«አይዞህ ልጄ። ትቀርበው ነበር?»

«በጣም።»

«ደግ ሰው ነበር ይላሉ።»

«እንደሚወራው እንኳ አይደለም።»

ባለቤታቸው ከፊት ሆነው ያንን ድምፅ ሰሙ። ተነሡ፤ ሰዉን እየከፈሉ መጡ፤ ቆመውም ባላቸውን ከእግር እስከ ራስ አዩዋቸው፤ በዚያ የመጀመሪያ ቀን እርሳቸው እንደታዩት።

«ስልሳ አትሞላም» አሉ።

«ሰባ ነኝ» አሉ ሚዛኑ።

ከዚያ በኋላ ድንኳኑ ውስጥ የሆነውን ነገር የነበራችሁበት ታስታውሳላችሁ። ታላቅ ወንድማቸው ብቻ ወረቀታቸውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ሰዉ ተቃቅፎ እስኪበቃው አልቅሶ ሲስቅ ጠበቁና፣ «ልጨርሰው ወይስ ይበቃል?» ብለው ጠየቁ።

ከጦርነቱ በኋላ ሚዛኑ በከተማው የዕቃ ማጓጓዣ መጋዘን ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሠሩ። ሁለት ወንዶች ልጆችም ጨመሩ። ሻምበሉ ሳምንት ጠብቀው ይመጣሉ፤ ካርታ ይጫወታሉ፤ የተሸነፈው በፉጨት ኩባያ ጠጥቶ ያፏጫል። ደስ የሚል ቤት ነበር። አንድ ነገር ግን ቤተሰቡ ሳያስተውል አልቀረም፤ ሚዛኑ ከዚያ ጉዞ ወዲህ ሰው መመዘን ትተዋል። በሠርግ፣ በልደት፣ «በል እንጂ ሚዛኑ፣ ይህቺ ሙሽራ ስንት ትሆናለች?» ሲባሉ «ዓይኔ ደክሟል» ይላሉ። መርማሪዎች አውሮፕላኗ በተኩስ ወደቀች ብለው ነገሩን ዘግተውታል፤ እርሳቸው ግን ልባቸው ውስጥ አልዘጉትም። ክብደቷ ልክ ቢሆን ኖሮ በአንዱ ሞተር ቤቷ ትገባ ነበር ይሆን? ሻምበሉ እያነከሱ በበሩ በገቡ ቁጥር ይህ ጥያቄ አብሮ ይገባ ነበር። ሻምበሉ ያመኑት ያንን ድምር ነበር፤ ሚዛኑም ውሸት መሆኑን ሊነግሯቸው አልቻሉም።

ባለፈው ዓመት ልባቸው ደከመና ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሞቹ በየጠዋቱ እንዲመዘኑ አዘዙ፤ በየጠዋቱም ሚዛን ላይ መቆም ያንን ጉዞ ያስታውሳቸው ጀመር። አንድ ከሰዓት በኋላ ሻምበሉ አልጋው ጫፍ ላይ ካርታ ሲያድሉ ሚዛኑ፣ «ሻምበል፣ የነገርኩህ ድምር ውሸት ነበር» አሉ።

«የቱ ድምር?»

«የመጨረሻው።»

ሻምበሉ ካርታቸውን አስተካከሉ። «አራት መቶ ኪሎ ገደማ» አሉ።

ሚዛኑ ትራሱን ለቀው ቀና አሉ። «በምን አወቅህ?»

«በክንዴ ነዋ። ማኮብኮቢያውን ሲሶ ሳንሄድ አወቅሁ።»

«ማቆም ትችል ነበር።»

«እችል ነበር። ፍሬኑ ከእግሬ ሥር ነበር። ግን ስናርፍ የሰዉን መስመር አይቼዋለሁ፤ ስንነሣ ደግሞ አንድም ሰው አልቀረም። አንተ ዋሽተህ አታውቅም፤ ከዋሸህ ለእነርሱ ነው አልኩና ገፋሁበት።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ዝም አልከኝ?»

«አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ፤ ምን ይወራል ብዬ።»

ሚዛኑ የደረሳቸውን ካርታ ብርድ ልብሱ ላይ ደፉት። ከዚያ ያቺን የቆየች ጥያቄ ጠየቁ፤ «ባትከብድ ኖሮ በአንዱ ሞተር እንገባ ነበር?»

«አላውቅም። ማንም አያውቅም። ይልቅ አንተ ንገረኝ። ዛሬ እንደገና ብትጭናት ማንን ታወርዳለህ?»

ሚዛኑ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በየተራ ያስቀመጧቸውን ሰዎች ሁሉ እንደገና እንዳዩአቸው ያስታውቅ ነበር፤ እናቶቹን፣ ሽማግሌውን፣ ነርሷን። ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡና፣ «አንተን» አሉ። «ከሁሉም የምትከብደው አንተ ነበርክ።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያይዘው እስኪያስላቸው ሳቁ። ተረኛዋ ነርስ ሮጣ ገባች፤ ልብ ሕመምተኛ እንዲህ አይስቅም ብላ ተቆጣች። ሚዛኑ እንባቸውን እየጠረጉ አዩዋትና፣ «ስልሳ ሦስት» አሏት። «ማን ጠየቀዎት?» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ክፍል ያልተመዘነ ሐኪም፣ ጽዳት ሠራተኛና ጠያቂ አልነበረም። ሰው ገብቶ ሲወጣ ኪሎው ከኋላው ይከተለው ነበር።

በዚያው ሰሞን የታናሽ ልጃቸው ሚስት ከሚዛኑ ክፍል በታች ባለው ፎቅ ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗን ወደ ላይ አመጧትና መዳፋቸው ላይ አስቀመጧት። ሚዛኑ ቀስ ብለው ከፍ ዝቅ አደረጓት። «ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ።» አብራ የመጣችው አዋላጅ፣ «አይ አባባ፣ ልክ ሦስት ናት፤ አሁን ነው የመዘንናት» አለች። «ሚዛናችሁ የባለቤቴ ዘመድ መሆን አለበት» አሉ ሚዛኑ። ከዚያ ሕፃኗን ወደ አያቷ አሳለፉና፣ «ይሁንላት። ሴት ናት፤ ከአሁኑ ትለማመድ» አሉ። ልጃቸውን ጠርተው አደራውን የሰጡት ያን ዕለት ነው። ከትናንት በስቲያ ጠዋት፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዟቸው፣ በሰባ ስድስት ዓመታቸው ያለ ጭንቅ አረፉ።

እንግዲህ ያቺ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ትታረማለች። ሚዛኑ በሥራ ዘመናቸው ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ ሚዛን አዛብተዋል። ያዛቡት አራት መቶ ኪሎ ገደማ ነው። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ጨርሰው አርፈዋል፤ የቀረው ክብደት ግን ዛሬ ከመካከላችሁ ቆሟል። በስተቀኝ በኩል የቆሙት ሽበታም ሴት ያቺ ነርስ ናቸው። ከአጠገባቸው ያሉት አራቱ እናቶችና በዚያ ቀን በእቅፋቸው የገቡት ሕፃናት ናቸው፤ ሕፃናቱ አሁን ራሳቸው ልጆቻቸውን ታቅፈዋል። ታላቅ ወንድማቸው እርማቱን አስቀድመው አይተው ፈቅደዋል። «እኔም ባውቅ ኖሮ እንደዚሁ እጽፈው ነበር፤ ትንሽ አስረዝሜ» ብለዋል።

ሚዛኑ ባለቤታቸውን፣ አንዲት ሴትና ሁለት ወንዶች ልጆችን፣ ታላቅ ወንድማቸውን፣ ከሕፃኗ ጋር አምስት የልጅ ልጆችን፣ የካርታ ጓደኛቸውን ሻምበሉን፣ በደርባባዋ የተሳፈሩትን ሁሉና አንድ ኩባያ ትተው ሄደዋል። ኩባያው ለሻምበሉ ይሰጥ ብለዋል፤ ማፏጨት እስኪማሩ።

ዛሬ ጠዋት አስከሬናቸው ከቤት ሲወጣ ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ መካከለኛው ልጃቸው፣ ቀስ ብሎ «እንዴት ቀለዋል» አለ። ባለቤታቸው በሩ ላይ ቆመው ነበርና ሰሙት።

«ሰባ ኪሎ ነው» አሉ። «አጥብቃችሁ ያዙት።»

ስድስቱም አጥብቀው ያዙ።

ሁሉን የሚመዝን አምላክ እኚህን ሰው በፊቱ ሲያቆማቸው በባለቤታቸው ሚዛን ይመዝናቸው፤ አምስቱን ይተውላቸው፤ ነፍሳቸውንም ቀድመዋቸው ከበረሩት ጓደኞቻቸው አጠገብ በሰላም ያሳርፍልን። ለእኛም ሸክማችንን የሚያቀል መጽናናት ይስጠን። አሜን።